ዓይን የሌለው ድምፅ

ምልምሎቹ በሌለበት «ጡሩምባ» ይሉታል። በፊቱ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ጡሩምባ ብሎ በፊቱ የጠራው ካለም እስካሁን ሜዳውን እየዞረ ነው። ድምፁ ከመሰልጠኛው ሜዳ ዳር ተነስቶ እስከ ወጥ ቤቱ ይደርሳል። እሁድ እህቱ ቤት ምሳ ሲቀርብ «ጨው አቀብሉኝ» ካለ ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል እየተባለ ይቀለድበታል። እግዜር ሲፈጥረው ሹክሹክታ የሚባለውን ነገር ረስቶበታል፤ ምስጢር ሊነግራችሁ ቢፈልግ ሰፈሩ ሁሉ ምስጢረኛ ይሆናል።

ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ትምህርት አንድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዲስ ምልምል ገብቶ፣ ገና ጫማው እግሩን ሳይለምደው፣ አሰልፎ ወደ ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ይነዳዋል። ሂድ ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ግድግዳው ሲቀርብ የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ እየተገላመጠ ይቆማል። «ማን ቁም አለህ?» ይላል ጡሩምባ፤ ነገሩ ከሜዳው ጫፍ እንደገና ይጀመራል። እንዲህ ሲደጋገም ከሰነበተ በኋላ ምልምሉ አፍንጫው ግድግዳውን እየነካ፣ ባለበት እግሩን እያነሳ እየጣለ፣ ቁም እስኪባል ይጠብቃል። መጀመሪያ ሰሞን ይስቃሉ፤ ኋላ ግን አይስቁም። ድምፁ ቁም ሳይል የሚቆም እግር የለም። የሜዳው ሕግ ይኸው ነው፤ ሕጉን ያወጣውም እሱ ራሱ ነው። በውጊያ መሐል በገዛ ፈቃዱ የቆመ ሰው ከኋላው ያለውን ያስጨርሳል ብሎ ያምናል። በዓይኑ ያየው ነገርም አለ፤ ግን አያወራውም።

ኮሌጅ የገባው በእልህ ነው። አዛዡ አሰልጣኞቹን ሰብስቦ፣ ዘመኑ ተለውጧልና የትምህርት ቴክኖሎጂ የሚማር ሰው እንልካለን ሲል፣ ከጎኑ የተቀመጡት ወጣት አሰልጣኞች በክርናቸው ተጎሻሸሙ። ሃምሳ አለቃ ከተላከ ኮምፒውተሩን በጩኸት ነው የሚያስነሳው ተባብለው ሲስቁ ሰማቸው። ወዲያው እጁን አወጣ። ፀጉሩ ገብስማ ሆኖ፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ እየተንቋቋ፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍል ገባ። የመጀመሪያው ቀን በሩን ሲከፍት መምህር መስሏቸው ብድግ አሉ። እሱም ልማድ ሆኖበት «ተቀመጥ» ቢል፣ ሁሉም በአንዴ ዱብ ሲሉ አንድ ወንበር ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ ወደዱት፤ ማውሱ አልያዝ እያለ ሲያስቸግረውም እየተሻሙ ያግዙት ነበር።

ነገሩ እያደር ልቡን ወሰደው። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያስተምር ሰው እንዴት እንደሚማር አስቦበት አያውቅም። እሱ ይጮሃል፣ እነሱ ይማራሉ፤ በቃ። አሁን ግን አንድ ትምህርት ተፍታቶ፣ ቅደም ተከተል ተሰጥቶት፣ በድምፅና በምስል ተቀርጾ፣ አስተማሪው በሌለበት ሊደርስ እንደሚችል ሲያይ ተገረመ። ጉሮሮው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሻካራ ሆኗል፤ ጡረታውም ተቃርቧል። እኔ ስሄድ የማውቀው ሁሉ አብሮኝ ሊሄድ ነው እንዴ እያለ ያስብ ጀመር። ይህ ሐሳብ ሰውየውን እንደገና ልጅ አደረገው። መንገድ ላይ ብቻውን ፈገግ እያለ ሲሄድ ያዩት ሰዎች ፍቅር ይዞት ይሆናል አሉ።

ታዲያ የመመረቂያ ሥራ ሲታዘዙ መምህርቷ እያንዳንዱ ተማሪ የገዛ ሥራውን እንዲያመጣ ነገረቻቸው። ሥራችሁን ፈታቱት፣ የምታደርጉትን ነገር አንድም ሳታስቀሩ ንገሩኝ፣ ከዚያ ማሽን የሚችለውን ለማሽን እንሰጠዋለን አለች። እሱ የረጅም ጉዞ ልምምዱን አመጣ፤ ምልምሎች ሙሉ ትጥቅ ተሸክመው ሜዳውን እየዞሩ የሚውሉበትን። ትዕዛዞቹን፣ የእርምጃውን ልክ፣ የት ቦታ ላይ እንደሚዝሉና የት ላይ ማበርታት እንዳለበት አንድ በአንድ ዘረዘረላት። መምህርቷ ድምፅዋ ቀጭን፣ ሰው የምታከብር ወጣት ነች። እስከ መጨረሻው ሰምታው ስታበቃ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሜዳው ላይ ሆነው ሌላ የሚያደርጉት ነገር የለም?»

አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው።

«የለም» አለ። «እኔ እጮሃለሁ፣ እነሱ ይሄዳሉ። ይኸው ነው።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

እዚህ ላይ ስለ እህቱ መናገር ያስፈልጋል። እህቱ ልብስ ሰፊ ነች። እናታቸው ድምፅ ስታካፍላቸው አንዱ ጠቅልሎ ወሰደው ይባላል፤ እሷ ስትናገር የስፌት መኪናዋን ማቆም አለባችሁ፣ አለዚያ አትሰሟትም። ባሏ ልጃቸው ገና ድክ ድክ ሲል ሞቶባት፣ አንድ ወንድ ልጇን በክርና በመርፌ አሳደገች። ልጁ ከአጎቱ ኋላ ኋላ እየተከተለ፣ እንጨት ትከሻው ላይ አድርጎ እየተንጎራደደ አደገ። ዕድሜው ሲደርስ ለውትድርና ተመዘገበ። እናቱ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የምትሰፋውን ቀሚስ አስቀምጣ ወንድሟን አየችው።

«አንተን እያየ ነው ያደገው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው። «አሁን ግን አደራህን። ከእሱ ሌላ ምንም የለኝም።»

«እኔ ጋ እንዲመደብ አደርጋለሁ» አላት። «ከዓይኔ አይጠፋም።»

እንዳለውም አስመደበው። ሜዳ ላይ «አዎ ጌታዬ» ነው፤ እሁድ እናቱ ቤት ሲገናኙ «አጎቴ» ነው። ሌላው ምልምል ዝምድናቸውን አያውቅም፤ አጎቱ እንደውም በእሱ ላይ ጠበቅ ያደርግበት ነበር። ልጁ ግን አልከፋውም። ቀልደኛ ነበር። አጎቱ ትዕዛዙን ኮሌጅ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ፣ ግድግዳ ላይ እየጮኸ እንደቀዳ ሲነግራቸው ከሳቁ ብዛት ምግቡ ትን አለው። ከዚያ ማሽኑ ካንተ ይሻላል አጎቴ፣ ቢያንስ ምራቅ አይረጭብንም አለው። እናቱም ሳቀች። የዚያን ቀን ሦስቱም ደስ ብሏቸው ነበር።

የተቀዳው ድምፅ ሜዳው ዳር ባለው ድምፅ ማጉያ ተሞከረ። ሃምሳ አለቃው አጠገቡ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመለከት ነበር። ሂድ ሲል ሄዱ፤ «በርታ፣ አትልፈስፈስ፣ ገና ነው» ሲል በረቱ። ሙከራው ተደጋገመ፤ ሁሌም እንከን አልወጣለትም። አዛዡ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ሲስቁበት የነበሩት ወጣት አሰልጣኞችም አንገታቸውን ደፉ።

ሥራውን መምህራን ፊት የሚያቀርብበት ቀን ከረጅም ጉዞው ልምምድ ጋር ተገጣጠመ። ልምምዱን ላዘግየው ቢል ማንም አይከለክለውም ነበር። እሱ ግን ለማዘግየት ምክንያት አልታየውም፤ ይህ ሁሉ የተለፋው እኮ አስተማሪው በሌለበት እንዲሠራ ነው። ረዳቱን አሥር አለቃ ሜዳው ላይ ተክቶ፣ ዩኒፎርሙን በካውያ አስተኩሶ ሄደ። ቀኑ ሙቀት ነበር። ቅጠል አይንቀሳቀስም።

ኮሌጁ ውስጥ ድምፁን ሲያሰማ የክፍል ጓደኞቹ ለቀልድ ብድግ ብለው ባሉበት ረገጡ። መምህራኑ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ አለቃ ፊት ቆሞ ስልክ የሚያነሳ ወታደር የለምና ዝም አለው። ተጨብጭቦለት ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ አነሳው። ረዳቱ ነበር። የሚለው አልገባውም፤ ከሚለው ውስጥ የገባው የእህቱ ልጅ መውደቁ ብቻ ነው።

ነገሩን የሰማው ሆስፒታል በር ላይ ነው። ልጁ ከሰልፉ መሐል መንገዳገድ ጀመረ። ድምፅ ማጉያው «በርታ፣ አትልፈስፈስ፣ ገና ነው» አለ። ልጁ ቀጠለ። ወደቀ፣ ተነሳ፣ ቀጠለ። ጓደኞቹ አጠገቡ እየሄዱ በጎን ያዩታል፤ ማንም አልቆመም። ሁለተኛ ሲወድቅ ሳይነሳ ቀረ፤ እግሩ ግን መሬት ላይ ተኝቶም ይራመድ ነበር። ያን ጊዜ ነው አንዱ ምልምል ሰልፉን ጥሶ ወጥቶ ያነሳው። ረዳቱ ይህን ሲናገር ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

«አየሁት፣ ሃምሳ አለቃ። አየሁት እኮ» አለ። «ግን ድምፁ የእርስዎ ነው። እርስዎ ቁም ሳይሉ እኔ እንዴት ቁም እላለሁ?»

ሊቆጣው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ይህን ሰው ምልምል ሳለ ወደ ግድግዳ የነዳው እሱ ራሱ ነው።

እህቱ የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ደረሰች። ልብ ብላ አላወጣችውም። ሐኪሙ፣ የሰውነቱ ሙቀት ከልክ አልፎ አንጎሉን ጎድቶታል፣ በሕይወት ይቆይ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ግን ተስፋ አልሰጣችሁም አላቸው። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«አንተ የት ነበርክ?» አለችው።

«ትምህርት ቤት» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንድም ነገር አልጠየቀችውም። ብትጮህበት፣ ደረቱን ብትደበድበው፣ ከቤቴ ውጣ ብትለው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ሲመጣ ወንበር ትሰጠዋለች፣ ሲሄድ ደህና ሁን ትለዋለች።

ሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያስብ ነው የመምህርቷ ጥያቄ የተመለሰበት። ሌላ የሚያደርጉት ነገር የለም? ዓይኑን ጨፍኖ ሜዳውን አሰበ። እየጮኸ ዓይኑ የት እንደሚሆን አሰበ። አንገታቸው ላይ ነው። የምልምሎቹን አንገት ያያል፤ ላብ ሲወርድበት ዝም ይላል፣ ላቡ ደርቆ ቆዳው ሲቀላ ግን ሰልፉ እንደሰለቸው ሁሉ «ቁም» ይላል። ውኃ ያጠጣል፣ እንደገና ይነዳል። ይህን ዕድሜውን ሙሉ አድርጎታል፤ ማድረጉን ግን አንድ ቀን እንኳ አላወቀም። በሙከራውም ጊዜ ቢሆን ማሽኑ አጠገብ ቆሞ፣ አንገት አይቶ፣ ከአፉ ቁም ብሏል። ከማሽኑም ከእሱም የሚወጣው አንድ ድምፅ ስለነበር የቱ እንዳቆማቸው ማንም አላስተዋለም። የእህቱን ልጅ ከዓይኑ እንደማያጠፋው ቃል ገብቶ፣ ዓይኑን ይዞ ሄዶ ድምፁን ብቻ ትቶለታል።

ኮሌጅ ተመልሶ የሄደው መምህርቷን ለመሰናበት ብቻ ነው። ወሬውን ሰምታ ስለነበር ስታየው ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ያኔ የጠየቁኝን» አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው። «ሌላ የማደርገው ነገር አለ። አያለሁ።»

መምህርቷ እስከ በሩ ሸኘችው። ተማሪ ሆኖ ከዚያ በር ሲወጣ የመጨረሻው ነበር።

ልጁ ሕይወቱ ተርፎ ወደ ቤት ገባ። መትረፍ ከተባለ። አይናገርም፣ ሰው አይለይም፤ ያስቀመጡት ወንበር ላይ ይውላል። እናቱ ማንኪያ ይዛ «የኔ ዓለም፣ አንዴ ብቻ፣ ለእናትህ» እያለች ትለምነዋለች፤ ከንፈሩን አይከፍትም። በግድ የገባው ሾርባ በአገጩ ይወርዳል። ጉንጩ እየጎደጎደ፣ ልብሱ እየሰፋው ሄደ። እሷም የሰው ልብስ መስፋቱን ትታ የእሱን ታጠብብ ጀመር።

አንድ ጠዋት ሃምሳ አለቃው ሊጠይቃቸው ሲገባ ልጁ ከወንበሩ ተንሸራቶ ሊወድቅ ሲል አየው። ሳያስበው ከሆዱ ወጣ።

«ተነስ።»

ልጁ ተነሳ። ቀጥ ብሎ፣ ተረከዙን ገጥሞ፣ ፊት ለፊት እያየ ቆመ። እናቱ ከጓዳ ሮጣ ወጣችና በሩ ላይ ክው ብላ ቀረች። ተቀመጥ አለው፤ ተቀመጠ። አፍህን ክፈት አለው፤ ከፈተ። የዚያን ቀን ልጁ ሾርባውን ጨረሰ። እናቱ ከደስታዋ ብዛት የወንድሟን እጅ ይዛ ሳመችው። ከዚያ እጁን ለቀቀችውና ግድግዳው ላይ ተደግፋ ቁጭ አለች።

«እኔ ወልጄው፣ እኔ አጥብቼው» አለች፣ «ስሜን እንኳ ረስቶታል። ያንተ ጩኸት ግን አልጠፋውም።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ እየመጣ በትዕዛዝ ያስነሳዋል፣ በትዕዛዝ ያበላዋል፣ በትዕዛዝ ያራምደዋል። ልጁ ሥጋ መለሰ። በዚህ መሐል ጉዳዩን ሲመረምር የቆየው ኮሚቴ ጥፋተኛ የለም ብሎ ዘጋው። ይባስ ብሎ የተቀዳው ትምህርት ስለተወደደ፣ ሃምሳ አለቃው ሩቅ ወዳለው ዋና ማሰልጠኛ ተዛውሮ የትምህርት መሣሪያዎች ክፍል ኃላፊ እንዲሆን ትዕዛዝ መጣ። ጡረታዬን ስጡኝ አላቸው፤ ተተኪ እስኪገኝ ትሄዳለህ አሉት። አዛዡ ፊት ቆሞ እሺ ጌታዬ አለ። እሱም እኮ ቁም ሳይባል መቆም አያውቅበትም።

ለእህቱ ሲነግራት የልጇን ልብስ እያጠፈች ሰማችው።

«ቅዳልኝ» አለችው በመጨረሻ። «ድምፅህን። ስትሄድ እሱን እየከፈትኩ አበላዋለሁ።»

ይህን የምትለው ልትወጋው እንዳልሆነ ያውቃል፤ ልጇ እንዳይራብባት ብቻ ነው።

«አይሆንም» አላት። «ትን ቢለውስ? የተቀዳው ብላ እያለው ይቀጥላል። ልጁ ዓይን ያለው ሰው ነው የሚያስፈልገው። አንቺ ትማሪያለሽ።»

ስንት ምልምል ያስለቀሰ ሰው፣ የመጨረሻ ሠልጣኙ እህቱ ሆነች። ስፌት መኪናው አጠገብ አቆማት፤ እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ልጁ ወንበሩ ላይ ነው። ድምፁ ከጉሮሮሽ ሳይሆን ከሆድሽ ይውጣ አላት። ሞከረች። «ተነስ፣ እሺ?» አለች። ልጁ አልሰማትም። እሺ አትበይው አላት። «ተነስ፣ የኔ ዓለም።» የኔ ዓለምንም ተይው አላት፤ እና ምን ልበለው ስትል ራሷ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። እንዲህ ሲሉ ቀናት ሄዱ። መሄጃው ደረሰ። እሷ ግን ዛሬም እየለመነችው ነው።

የመጨረሻው ጠዋት ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ይቀዘቅዛል። ሃምሳ አለቃው አንገቷን አየ፤ የምልምል አንገት እንደሚያይ። ጅማቷ ተወጥሯል፣ የሆነ ነገር እዚያ ታንቆ ተቀምጧል። ምን እንደሆነ ያውቃል።

«እህቴ» አላት። «ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ነገር አላልሽኝም።»

«ምን ልበልህ?»

«ያለውን።»

ፊቷ ወደ ልጇ ነው፤ ዓይኗ ግን ወንድሟ ላይ ዞሮ እዚያው ቀረ። ደረቷ ከፍ አለ።

«ተነስ» አለች።

ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። የስፌት መኪናው ላይ የነበረው መቀስ ተንቀጠቀጠ፤ ጎረቤት በሩን ከፈተ። ልጁ ቀጥ ብሎ ተነሳ፣ ተረከዙን ገጠመ።

ሃምሳ አለቃውም ተነስቶ ነበር። መነሳቱን ያወቀው እጆቹ ከጭኑ ጋር ተጣብቀው፣ አገጩ ወደ ላይ ቀንቶ ራሱን ሲያገኘው ነው።

እሷ ሁለቱንም አየቻቸው። «ተቀመጥ» አለችው ልጇን። ተቀመጠ። «አፍህን ክፈት» አለችው። ከፈተ። ማንኪያ በማንኪያ አበላችው፤ እስኪውጥ ትጠብቃለች፣ ጉሮሮውን ታያለች፣ ትቀጥላለች። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። ሳህኑ ሲያልቅ አፉን በመሐረብ ጠረገችለትና ወደ ጓዳ ልትሄድ ተነሳች።

ወንድሟ አሁንም አልጋው አጠገብ ተገትሮ ነበር። በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብላ አየችው። ተቀመጥ አላለችውም።